ሐሳብን ቀጥሮ ስለ ማደር

በአገራችን ሰው ከሰው ጋራ በጧት ሲገናኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። «እንዴት አደሩ?» እንላለን። የተጠየቀውም ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ቢያነጋ እንኳ፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና» ብሎ ያልፋል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ይህን መልስ ስሰጥ ኖሬአለሁ። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ሰሞን ይህ ጥያቄ በየጧቱ ሲቀርብልኝ፥ እንደሚዋሽ ሰው ዐይኔን መስበር ጀመርሁ። ደኅና አላድርም ነበርና።

ዛሬ በዚህ አምድ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም ከመኝታ ጋራ አብሮ ስለሚመጣው ሐሳብና እርሱን ለነገ ቀጥሮ ስለ መተኛት ነው። በደብተራችሁ ላይ አቀርቅራችሁ የምታመሹ ተማሪዎችም፥ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ገና ሁለት ሦስት ዓመት የሆናችሁ ወጣት ሠራተኞችም፥ ጉዳዩ እንግዳ እንደማይሆንባችሁ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ያለቀበት ሳምንት ነበር። በጠረጴዛዬ ላይ የ4 ክፍል ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ተከምሯል። የቤት ኪራይ ጨምሯል። ለታናሽ እኅቴ የትምህርቷን ወጪ እልካለሁ ብዬ ቃል የገባሁበት ቀን ደርሷል። ከዚህም ሌላ ከአንድ ባልደረባዬ ጋራ ክፉ ቃል ተለዋውጠን ተኳርፈናል። ቀን ቀን ሥራው ስለሚያዋክበኝ ይህን ሁሉ እረሳዋለሁ። መብራቱን አጥፍቼ ጋደም ስል ግን፥ ሁሉም በቢሮ በር ላይ እንደ ተሰለፈ ባለጉዳይ ይጠብቀኛል። አንዱን ስሸኘው ሌላው ይገባል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሰዓቴን አይና «አሁን ብተኛ 4 ሰዓት እተኛለሁ» እላለሁ። 9 ሰዓት ሲሆን «አሁን ብተኛ 3 ሰዓት አለኝ» እላለሁ። እንቅልፍ ደግሞ እንደዚህ በሒሳብ ሲያሳድዱት የባሰውን ይሸሻል።

በአምስተኛው ቀን እንዲሁ ዐይኔ ቀልቶ ራሴ ከብዶ ሳለ ውጤት ወደ መዝገብ አሰፈርሁ። አንዱ ተማሪዬ 71 ያገኘውን 17 ብዬ ጻፍሁበት። ልጁ ዝምተኛ ነው። «መምህር አይሳሳትም» ብሎ አምኖ ወረቀቱን ሳይጠይቅ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከክፍል ቀረ። አብሮት የሚቀመጠውን ልጅ ብጠይቀው፥ የሚያሳድገው አጎቱ ውጤቱን ሰምቶ «ትምህርት ካልሆነልህ ሱቁን ጠብቅ» እንዳለው ነገረኝ። ደነገጥሁ። ወረቀቱን ከክምሩ ውስጥ አውጥቼ ባየው 71 ነው። ወዲያው ወደ ሱቁ ሄድሁ። ልጁ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ስኳር ይመዝን ነበር። ለአጎቱ ወረቀቱን አሳይቼ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እባክዎ ልጁን ይመልሱልኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ለካስ መምህርም ይሳሳታል» አሉና ልጁን አሰናበቱት። በማግሥቱ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ማጣት የራሴ ብቻ ጉዳይ መስሎ አይታየኝም። እኛ ደኅና ካላደርን፥ በኛ እጅ ያለው ሰውም ደኅና አይውልም። የተማሪ ውጤት በመምህሩ እጅ፥ የባለጉዳይ ማመልከቻ በጸሓፊው እጅ ነው።

በዚያው ማታ በግቢያችን ውስጥ የሚኖሩት ጎረቤቴ በር ላይ አገኙኝ። እኒህ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገሉ ናቸው።

«መምህር፥ መብራትህ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አያለሁ። ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፥ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐሳቡ አላስተኛኝ አለ» አልኋቸው።

«ታዲያ ሐሳቡን ምን ታደርገዋለህ?»

«ምን አደርገዋለሁ? ሳስበው አድራለሁ እንጂ።»

ሳቁና እንዲህ አሉኝ፤ «ባለጉዳይ የሚጮኸው ጉዳዩ ስላላለቀ ብቻ እንዳይመስልህ። የሚጮኸው ማመልከቻው መዝገብ ላይ ሳይገባ፥ ቁጥርና ቀጠሮ ሳይሰጠው ሲቀር ነው። ቁጥሩን ጽፈህ ‹ሐሙስ ተመለስ› ካልኸው፥ ጉዳዩ ባያልቅም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንተ ግን ባለጉዳዮችህን ሁሉ አልጋህ ላይ አስቀምጠህ ታድራለህ።»

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። ኋላ ግን መጻሕፍት ሳገላብጥ፥ የጋሼ ምክር በምርመራ የተደገፈ ሆኖ አገኘሁት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ባወጡት ጥናት፥ ያልተፈጸመ ጉዳይ የሰውን ልብ እየሰረቀ ሌላ ሥራ እንደሚያበላሽበት፥ ነገር ግን ሰውየው ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚሠራው ቁርጥ ያለ ዕቅድ ካወጣለት፥ ሥራው ገና ሳይጀመር እንኳ ልቡ እንደሚያርፍ አሳይተዋል። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ፥ ማይክል ስከሊን የተባለው ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋራ 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ መመርመሪያ ክፍል አስተኛ። ግማሾቹ ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ ያህል በሚመጡት ቀናት ሊሠሩት የሚገባቸውን እንዲጽፉ፥ ግማሾቹ ደግሞ ሠርተው የጨረሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። የሚቀራቸውን ሥራ የጻፉት ከሌሎቹ በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከነርሱም መካከል ዝርዝሩን አብራርቶ የጻፈው ይበልጥ ቶሎ ተኛ። ሰው የሠራውን ቢቈጥር የሚያርፍ፥ ያልሠራውን ቢቈጥር የሚጨነቅ ይመስለን ነበር፤ የታየው ግን ተቃራኒው ነው።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ። ከመኝታችሁ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አስቀድሞ፥ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፥ አንድ ተራ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ተቀመጡ ያልሁት በወንበር ነው፤ በአልጋ ላይ አይደለም። ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራው ያሳሰባችሁን ጉዳይ፥ በቀኙ የመጀመሪያውን ትንሽ እርምጃና ቀኑን ጻፉ። «ፈተናው እንዴት ይሆን?» ብሎ መጻፍ ጩኸቱን በወረቀት ላይ መድገም ነው። «የፊዚክስ ምዕራፍ 5፤ ነገ ከምሳ በኋላ ከጥያቄ 1 እስከ 10 እሠራለሁ» ብሎ መጻፍ ግን ቀጠሮ መስጠት ነው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም «አለቃዬ ተቈጥተውኛል» ብሎ ከመቆዘም ይልቅ፥ «ስለ ተቈጡበት ደብዳቤ፤ ነገ በ3 ሰዓት አርሜ ይዤላቸው እገባለሁ» ብሎ ይጻፍ። እኔ ስለ እኅቴ የጻፍሁት «ግማሹን ሐሙስ እልካለሁ፤ የቀረውን በደመወዝ ቀን፤ ይህንንም ነገ ደውዬ እነግራታለሁ» የሚል ነበር። ከባልደረባዬም ጋራ ስላለው ነገር «ነገ በሻይ ሰዓት እኔው ቀድሜ ሰላም እለዋለሁ» ብዬ ጻፍሁ።

በእጃችን የሌለ ጉዳይም ይኖራል፤ የእናት ሕመም፥ ገና ያልወጣ ውጤት፥ ያልተወሰነ ዝውውር እንደዚህ ያለ ነው። ለእንደዚህ ያለውም ቢሆን መስመር አትንፈጉት። «ዛሬ በእጄ የለም፤ እሑድ እንደገና አየዋለሁ» ብላችሁ ጻፉና ደብተሩን ዝጉ። ከተኛችሁ በኋላ ሐሳቡ ተመልሶ ቢመጣ፥ «አንተ ቀጠሮ አለህ» ማለት ትችላላችሁ። ቀጠሮውን ግን አክብሩ። በቀኑ ካላያችሁት፥ በሚቀጥለው ሌሊት ሐሳቡም አያምናችሁም።

ሁለተኛው ነገር አልጋውን የሚመለከት ነው። በ1972 ዓ.ም. ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ያቀረበው ሕክምና አለ። ሰው በአልጋው ላይ እየተጨነቀ ብዙ ሌሊት ካደረ፥ አልጋው ራሱ የጭንቀት ምልክት ይሆንበታል። በወንበር ሲያንጐላጅ የነበረ ሰው፥ ትራሱን ሲነካ ዐይኑ የሚፈጠው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱም አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማድረግ ነው። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ተኙ። ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንቅልፍ እምቢ ካለ፥ ከአልጋ ውረዱ፤ በደብዛዛ ብርሃን ሆናችሁ የማያጓጓ ነገር አንብቡ፤ ሲያንጐላጃችሁ ተመለሱ። ደቂቃውን ግን በግምት እንጂ በሰዓት አትቍጠሩ፤ እንዲያውም ሰዓቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት።

«እኛ የምንኖረው በአንዲት ክፍል ነው፤ አልጋው ወንበራችንም ጠረጴዛችንም ነው» የምትሉ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ፤ የኔም ክፍል ከዚህ አትለይም። እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። በመሬት ላይ አንድ ምንጣፍ አነጠፍሁ፤ ንባብና ሐሳብ በዚያ ላይ ሆነ። አልጋዬን ቀን ቀን በአልጋ ልብስ ሸፍኜ አልቀመጥበትም፤ ማታ ስገልጠው ያ መግለጥ ራሱ የእንቅልፍ ምልክት ሆነልኝ።

ሦስተኛው ነገር የመነሻ ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው፥ ጧት አርፍዶ በመተኛት ለመካስ ይሞክራል። ይህ ዕዳን በሌላ ዕዳ እንደ መክፈል ነው። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። በ1938 ዓ.ም. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የእንቅልፍ ተመራማሪ ናትናኤል ክላይትማን፥ ከረዳቱ ጋራ በኬንታኪ ማሞዝ በተባለው ዋሻ ውስጥ፥ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ 32 ቀን ተቀምጦ፥ ቀኑን የ28 ሰዓት አድርጎ ለመኖር ሞከረ። ወጣቱ ረዳቱ ለመደው፤ የክላይትማን ሰውነት ግን በ24 ሰዓቱ ዙር ጸና። ይህን ሰዓት በየቀኑ የሚያስተካክለው በተለይ የጧት ብርሃን ነው። ስለዚህ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፥ በአንድ ሰዓት፥ ለምሳሌ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሡና ወደ ደጅ ውጡ። እሑድንም ከዚህ ብዙ አታርቁት። ቀኑን የደከማችሁበት ድካም ለሚቀጥለው ማታ እንቅልፍ ይጠራቀምላችኋል።

አሁን ደግሞ ወደ ምሽት ልማዳችን ልመለስ። ቡና የአገራችን ክብር ነው፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም አልነቅፍም። የምለው ስለ ሰዓቱ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌን በጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና፥ በ5 ሰዓት ስትተኙ ግማሹ ገና በደማችሁ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ያስቸገረው ሰው ቡናውን ከቀትር በፊት ይጨርስ፤ ማታ ሲጋበዝም ከቡናው ይልቅ ጨዋታውን ይጠጣ። ጫትም የሚያነቃ ነገር ስለ ሆነ፥ ለፈተና ብሎ የሚቅም ተማሪ ሌሊቱን ያገኘ መስሎት በማግሥቱ ቀኑን ያጣል። መጠጥ ደግሞ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል።

የእጅ ስልክም ከነዚህ የሚቈጠር ነው። ጉዳቱ ብርሃኑ ብቻ አይደለም። ስልኩ አዳዲስ ባለጉዳዮችን ያመጣል፤ የአለቃ መልእክት፥ የሩቅ አገር ወሬ፥ የጓደኛ ሠርግ፥ የማናውቀው ሰው ጠብ። ደብተሩን ዘግተን ቀጠሮ የሰጠነውን በር ስልኩ ይከፍተዋል። እኔ የምተኛው ስልኬን ከአልጋዬ ራቅ አድርጌ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ነው። ጧት ሲጮህ ላጠፋው መነሣት ግድ ስለሚሆንብኝ፥ በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም አገኘሁ።

ሐሳቡ ተቀጥሮ ሳለ ሰውነት ብቻ ተወጥሮ የሚቀርበት ጊዜ ደግሞ አለ። ጥርስ ይነከሳል፥ ትከሻ ይሰቀላል። ለዚህ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ የቺካጎ ሐኪም በ1929 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ዘዴ ይረዳል። በጀርባችሁ ተኝታችሁ የእግራችሁን ጡንቻ ለጥቂት ሰከንድ አጥብቃችሁ ወጥሩት፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቀቁትና ሲላላ ልብ ብላችሁ ተከታተሉት። ከእግር ወደ ጭን፥ ወደ ሆድ፥ ወደ እጅ፥ ወደ ትከሻ፥ በመጨረሻም ወደ ፊት እያላችሁ ውጡ። ትንፋሻችሁም በዝግታ ይሁን። ዓላማው እንቅልፍን መጐተት አይደለም፤ ሰውነትን ማሳረፍ ነው። ሰውነት ካረፈ እንቅልፍ ሳይጠሩት ይመጣል።

ለተማሪዎች ለብቻችሁ አንድ ቃል አለኝ። የፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ጀግንነት ይመስላችኋል። በ1924 ዓ.ም. ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጕም የሌላቸው ፊደላት አስጠንተው፥ አንድ ጊዜ ከእንቅልፍ በኋላ፥ አንድ ጊዜ ነቅተው ከቆዩ በኋላ ጠየቋቸው። ተኝተው ሲነሡ ያስታወሱት ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራም፥ እንቅልፍ የተማርነውን በልቡናችን እንደሚያጸና አረጋግጧል። ስለዚህ ከጥናት በኋላ መተኛት የጥናቱ ክፍል እንጂ የጥናቱ ሌባ አይደለም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበር ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፥ ለጐልማሳ ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ደብተርና ምንጣፍ የሰውን ችግር ሁሉ ይፈታል ማለቴ አይደለም። የቤት ኪራዬ ዛሬም እንደ ጨመረ ነው። የተለወጠው እኔ የማስብበት ሰዓት ነው። ለውጡም በአንድ ሌሊት አልመጣም። በመጀመሪያው ማታ ጽፌም እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በሁለተኛውም ሳምንት ያቃዠኝ ሌሊት ነበረ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ ልማዱ እስኪጸና ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ።

ነገር ግን በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያም በላይ እንቅልፍ የሚያጣ፥ ይህም ወራት ያስቈጠረበት ሰው፥ ወይም ሲያንኰራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ፥ ወይም ኑሮ እስኪያስጠላው ድረስ ኀዘን የተጫነው ሰው፥ በዚህ አምድ ምክር ብቻ አይወሰን፤ ወደ ሐኪም ይሂድ። ከጓደኛ ኪስ የወጣ የእንቅልፍ ክኒንም አይዋጥ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ለጸና እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት አስቀድሞ እንዲሰጥ የመከረው፥ ሐሳብንና የመኝታ ልማድን የሚያርመውን የምክር ሕክምና ነው። ከላይ የዘረዘርሁት የአልጋና የመነሻ ሰዓት ሥርዓትም የዚሁ ሕክምና ክፍል ነው።

ያ ተማሪዬ ዛሬ በሚቀጥለው ክፍል ይማራል። ወረቀት በመለስሁ ቁጥር ድምሩን ራሱ ደግሞ ይደምራል፤ እኔም ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየመውም። ጋሼም በቀደም ጧት በግቢው በር ላይ አግኝተውኝ «መምህር፥ እንዴት አደርህ?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና» አልኋቸው፤ በዚህ ጊዜ ዐይኔን አልሰበርሁም።

እናንተም ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ከፍታችሁ ለባለጉዳዮቻችሁ ሁሉ ቀን ቍረጡላቸው። ከዚያም መብራቱን አጥፉ። ደኅና እደሩ።